ሊብሬው በማን ስም ነው? የመኪና ኢንሹራንስ ካሳ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል

መኪና ተጋጭቶ የካሳ ፋይል ሲከፈት፣ ጉዳቱ ከመገመቱ በፊት ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) እና የመድን ፖሊሲው (የመድን ውሉ)። የባለቤቱ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የአገልግሎት ዓይነቱ አንድ በአንድ ይመሳከራል። ከተስማሙ ቀሪው የጋራዥና የዋጋ ጉዳይ ነው። ካልተስማሙ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። በካሳ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን የሚገጥመን፣ ዓረቦኑን (የመድን ክፍያውን) ሳያጓድል ሲከፍል የኖረ ሰው በራሱ ገንዘብ ለገዛው መኪና ካሳ መቀበል ሲያቅተው ማየት ነው። አሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ አለው፣ አልጠጣም፣ ፖሊስም አጣርቶ ጥፋቱ የሌላው ነው ብሏል። መኪናው ግን በወረቀት የሌላ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን የመድን ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል፤ ከባለቤትነት ጋር ያላቸው ግንኙነት አንድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የተዘጋጀው በመኪናው ለሚጎዳ ሌላ ሰው ነው። ተገጭቶ ሆስፒታል የገባው እግረኛ ሊብሬው በማን ስም እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። ለዚያ መኪና የጸና የመድን ምስክር ወረቀት ካለ ካሳውን ከመድን ሰጪው ይጠይቃል። የገጨው መኪና መድን ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠና ካልታወቀ ደግሞ አዋጁ ያቋቋመው የመድን ፈንድ አለ። ሙሉ መድኑ፣ ብዙ ሰው «ፉል ኢንሹራንስ» የሚለው፣ የተለየ ነው። እሱ በኩባንያውና በአንድ በስም በተጠቀሰ ሰው መካከል የተደረገ ውል ሲሆን የሚጠብቀው የዚያን ሰው ንብረት ነው። የስም ችግር የሚገንነው እዚህ ላይ ነው። ቦሎ ለማውጣት ሲባል ብቻ ሦስተኛ ወገን ገብቶ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰው ደግሞ የራሱን መኪና በተመለከተ ምንም ሽፋን እንደሌለው ይወቅ።

በውክልና የተገዛ መኪና

ያገለገለ መኪና በአዲስ አበባ ሲሸጥ አንዱ የተለመደ መንገድ ይህ ነው፦ ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ቁልፉንና ሊብሬውን ያስረክባል፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ ለገዢው ውክልና ይሰጣል። ስም ማዛወሩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ምክንያቱ አይጠፋንም። የቴምብር ቀረጥና ሌሎች ክፍያዎች አሉ፣ የቴክኒክ ምርመራ አለ፣ ፋይሉ ያለበት ቅርንጫፍ መመላለስ አለ። ገዢው መኪና ነጋዴ ከሆነም ቶሎ መልሶ ስለሚሸጠው ሁለት ጊዜ ስም ማዛወር ኪሳራ ይመስለዋል። አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በዚህ ዓይነት ሦስት አራት እጅ ሲቀያየር ሊብሬው ላይ ያለው ስም ያው የመጀመሪያው ሻጭ ስም ሆኖ ይቀራል።

ውክልና ባለቤት አያደርግም። ተወካይ በሌላ ሰው ስም የሚሠራ ሰው ነው፤ ስለዚህ በውክልና መድን ስትገቡ ፖሊሲው የሚጻፈው በወካዩ ስም ነው፣ የካሳ ቼኩም የሚጻፈው በእሱ ስም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ እንዲሽር ይፈቅድለታል (አንቀጽ 2226)። ወካዩ ቢሞትም፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ውክልናው ያበቃል (አንቀጽ 2232)። መኪናውን የሸጠላችሁን ሰው ላለፉት አምስት ዓመታት ካላገኛችሁት በእጃችሁ ያለው ውክልና ዛሬ ይሥራ አይሥራ አታውቁም ማለት ነው። ሻጩ ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ ሊብሬውን መሠረት አድርገው መኪናውን የአባታችን ነው ብለው ቢቀርቡ፣ እናንተ ከኩባንያው ጋር ሳይሆን ከእነሱ ጋር ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ። ካሳውም ክርክሩ እስኪያልቅ አይከፈልም።

ሌላው ችግር የውክልናው ይዘት ነው። በጥቅሉ «መኪናዬን እንዲያስተዳድር» ተብሎ የተጻፈ ውክልና ቦሎ ለማውጣትና መድን ለማደስ ይበቃ ይሆናል፤ ለካሳ አይበቃም። በሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ለመስማማት፣ ለመክሰስና ተከሶ መልስ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ካሳ ስትቀበሉ የምትፈርሙት ማጠናቀቂያ ሰነድ ደግሞ ከዚህ በኋላ በዚህ አደጋ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ስምምነት ነው። ስለዚህ ውክልና መቀበላችሁ የማይቀር ከሆነ እነዚህ ሥልጣኖች በስማቸው ተዘርዝረው ይግቡበት፦ መኪናውን መሸጥና ስሙን ማዛወር፣ ለራሱ ለተወካዩ ጭምር መሸጥ፣ የመድን ውል መግባትና ማቋረጥ፣ የመድን ካሳ መጠየቅ፣ ገንዘቡን በራሱ ስም መቀበልና የማጠናቀቂያ ሰነድ መፈረም፣ መክሰስና መከሰስ፣ ለሌላ ሰው ወይም ለጠበቃ ውክልና መስጠት። «ለራሱ ጭምር» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያለሱ ተወካዩ ወካዩን ወክሎ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ሽያጭ በወካዩ ጥያቄ ሊፈርስ ይችላል።

ፖሊሲውን በራሴ ስም ልግባ የሚሉም አሉ። የመድን ሕጉ መድን የሚገባው ሰው በንብረቱ ላይ እውነተኛ ጥቅም እንዲኖረው ይጠይቃል፤ መኪናው ሲጠፋ የሚከስረው እሱ መሆን አለበት። በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የሽያጭ ውል ካላችሁ፣ ስሙ ገና ባይዛወርም፣ ይህን ለማሳየት ጥሩ ማስረጃ ነው። በመንደር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ግን ብዙ ያከራክራል። ከሁሉ የሚብሰው ሁኔታውን ደብቆ መግባት ነው። በማመልከቻ ቅጹ ላይ «የመኪናው ባለቤት ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የራሳችሁን ስም ሞልታችሁ ሊብሬው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 መሠረት ኩባንያው ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። እውነቱን ጻፉ፣ የሽያጭ ውሉን አያይዙ፣ ኩባንያው ይህን አውቆ ሽፋን መስጠቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ወኪሉ ወይም ደላላው በቃል «ችግር የለውም» ያለው ካሳ ክፍል ሲደርስ አይገኝም።

ሻጩም ነፃ አይወጣም

«ሸጫለሁ፣ ገንዘቤን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ አያገባኝም» የሚል ሻጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 ቢያነብ ደግ ነው። የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሾፌሩ እሱ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ብቻ ያመልጣል። ስሙ ሊብሬው ላይ እስካለ ድረስ ተጎጂው የሚከሰው እሱን ነው፤ መዝገቡ የሚያሳየው እሱን ስለሆነ። በአንቀጽ 2083 መሠረት የከፈለውን ከያዡ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፣ ግን መኪናው ሦስተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ያዡን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

ይህ በተለይ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንን ይመለከታል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ ለወንድሙ መኪና የገዛ፣ ሊብሬው በእሱ ስም ያለ ሰው፣ የዚያ መኪና ሦስተኛ ወገን መድን ታድሶ እንደሆነ በየዓመቱ ይጠይቅ። ሕጉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። መድኑ በሚሸፍነው ጣሪያና ፍርድ ቤት በሚወስነው ካሳ መካከል ልዩነት ሲኖር ትርፉ የሚወርደውም በባለቤቱ ላይ ነው። መኪናው የወንድም እንዲሆን ከታሰበ ከመነሻው በወንድም ስም ማውጣት ይሻላል። ካልሆነም ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ የሚላከው ውክልና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ውልና ማስረጃ ደርሶ ካልተረጋገጠ አገር ቤት አይሠራም፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ ይህን መጀመር ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ስም ሲዛወር ክፍተት የሚፈጠርበት ቦታ

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ረጅም አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉ ባለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት መኪናው እግድና ዕዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። በፎቶ ኮፒ ሳይሆን በዋናው ሊብሬ ላይ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከመኪናው አካል ጋር አመሳክሩ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርም፤ ያላገባ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይዞ ይምጣ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለማስተላለፍ የሁለቱንም ስምምነት ስለሚጠይቅ ይህ ለማንኛውም መኪና ይሠራል። ከዚያ የሽያጭ ውሉ በውልና ማስረጃ ይፈረማል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ምርመራው ይደረጋል፣ ሊብሬው በአዲሱ ስም ይወጣል።

ክፍተቱ ያለው ውሉ ተፈርሞ ሊብሬው እስኪወጣ ድረስ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ነው። መኪናው በገዢው እጅ ነው፤ ሙሉ መድኑ ግን በሻጩ ስም ነው። ሻጩ ገንዘቡን ስለተቀበለ መኪናው ቢገለበጥ እሱ አይከስርም፤ ገዢው ይከስራል ግን የውሉ ተካፋይ አይደለም። በዚህ መካከል አደጋ ሲደርስ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ውሉ በተፈረመበት ቀን፣ ቁልፉ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት፣ ከእነዚህ አንዱን አድርጉ። ወይ ሻጩና ገዢው አብረው ወደ ኩባንያው ሄደው ፖሊሲው ወደ ገዢው እንዲዛወር ይጠይቁና ኩባንያው ኢንዶርስመንት (የፖሊሲውን ለውጥ የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ጽሑፍ) ያውጣ፤ ወይ ሻጩ ፖሊሲውን አቋርጦ የቀሪውን ጊዜ ዓረቦን ይመለስለት፣ ገዢው የተረጋገጠውን የሽያጭ ውል ይዞ አዲስ ይግባ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አዲሱ ገዢ በራሱ ስም፣ በዛሬው ዋጋ፣ በራሱ አጠቃቀም ይገባል፤ ከቀድሞው ባለቤት የሚወርሰው የተሳሳተ መረጃ የለም። የአደጋ አልባነት ቅናሹ የሻጩ እንጂ የመኪናው አይደለምና ሻጩ ለሚቀጥለው መኪናው ይጠቀምበት ዘንድ ከኩባንያው ደብዳቤ ይጠይቅ።

አዲሱ ሊብሬ ሲወጣ ኮፒውን ለኩባንያው አስገቡ፣ የተቀበሉበትንም ማኅተም በእናንተ ኮፒ ላይ አስመቱ። ይህን የሚረሳው ሰው ቁጥር ያሳዝናል።

የሽያጭ ዋጋ በውሉ ላይ አሳንሶ መጻፍም እዚህ ይነሳል። ታክስ ለማሳነስ ተብሎ 2 ሚሊዮን ብር የተሸጠ መኪና በውሉ 600 ሺህ ይባላል። ለመድኑ ወሳኙ የውሉ ዋጋ አይደለም፤ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይላል። ግን ያንን አነስተኛ ቁጥር ይዞ መድን የገባ ሰው ይጎዳል። መኪናው በገበያ 3 ሚሊዮን የሚያወጣ ሆኖ የተገባው በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ከሆነ ሽፋኑ 60 በመቶ ነው። 500 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው በመጠኑ አስልቶ 300 ሺህ ይከፍላል፣ ከዚያም ኤክሰሱ (ባለቤቱ ከጉዳቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ይቀነሳል። የመኪና ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት አገር ፖሊሲን በዓምናው ዋጋ ማደስ በየዓመቱ የራስን ድርሻ እያሳደጉ መሄድ ነው።

ሊብሬው ላይ ያሉት ሌሎች መስመሮች

ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ ያረጀው ወጥቶ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሞተር ይገባል። አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ገማቹ መኪናውን ሲያይ ቁጥሩ አይገጥምለትም፤ መኪናው የተሰረቀ ወይም ፖሊሲ የሌለው ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ሞተሩን ስትገዙ ደረሰኙንና ሕጋዊ ሰነዱን ያዙ፣ ጽሕፈት ቤቱ መዝግቦ ሊብሬውን ሲያስተካክል ለኩባንያውም አሳውቁ። ቀለም ሲቀየርም ያው ነው። ሻንሲ ላይ የተበየደ ወይም የተፋቀ ቁጥር ያለውን መኪና ግን አትግዙ፤ ፖሊስ ጣቢያ የቆመ መኪና ዋጋ የለውም።

የአገልግሎት ዓይነት ከሁሉ በላይ ያከራክራል። በተለመደው የሰሌዳ አሠራር ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። ለግል ተብሎ በአነስተኛ ዓረቦን የገባ መኪና ተሳፋሪ እያስከፈለ ሲጭን ከተጋጨ ኩባንያው ይህ የገባሁት ውል አይደለም ይላል፤ ፖሊሲውን ብታነቡት የአጠቃቀም ገደቡ በግልጽ ተጽፏል። በሊብሬው ከተመዘገበው የሰው ወይም የጭነት ልክ በላይ መጫንም እንዲሁ ነው። በሚኒባስና በአይሱዙ ላይ ይህ ሁልጊዜ ይነሳል።

በድርጅት ወይም በማኅበር ስም ያለ መኪና የአባሉ ወይም የሥራ አስኪያጁ አይደለም። በቤተሰብ የተያዘ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆንም መድኑ በድርጅቱ ስም ይገባል፣ ካሳውም ለድርጅቱ ይከፈላል፣ ጠያቂው የድርጅቱን ማኅተምና ሥልጣን ያሳያል። አባላት ሲጣሉ ካሳው መሐል ላይ ይቀራል፤ ማን እንደሚፈርም አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መወሰን ይረዳል።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ለሌላ አይተላለፍም። በውክልና የገዛው ሰው ደግሞ ከላይ ያልነው ችግር ሁሉ ተደምሮበት የቀረጡም ጣጣ አለበት። መድን ሲገባ ዋጋው ቀረጡን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር የሚለውን በፖሊሲው ላይ አስጽፉ፤ ካልተጻፈ በካሳ ጊዜ ትልቁ ክርክር እሱ ነው የሚሆነው።

ባንክ ያበደረው መኪና

በብድር የተገዛ መኪና ሊብሬው ባንክ ዘንድ ይቀመጣል፣ በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ላይ እግድ ይመዘገባል፣ በፖሊሲው ላይም የባንኩ ጥቅም ይጻፋል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ከወደመ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ባንኩ ይሄዳል፣ የተረፈ ካለ ለባለቤቱ። ለጥገናም ብዙ ጊዜ የባንኩ ደብዳቤ ይጠየቃል። ብድሩ ሲያልቅ ሰዎች እግዱን አስነስተው ሊብሬውን ይቀበሉና ያበቃሉ፤ በፖሊሲው ላይ ያለው የባንክ ስም ግን እንዳለ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ አደጋ ሲደርስ ቼኩ ምንም ዕዳ ወደሌለባቸው ባንክ ይጻፍና ለማስመለስ ይደክማሉ። የብድር ማጠናቀቂያ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ተቀበሉ፤ አንዱ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ለመድን ኩባንያው።

መኪናው ሲወድም ወይም ሲሰረቅ

ለባምፐርና ለፋናል ካሳ ስሙ ትንሽ ቢዛነፍ አንዳንድ ጊዜ በስምምነት ይታለፋል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ግን አይታለፍም፤ ኩባንያው ሙሉውን ዋጋ ሲከፍል ስብርባሪውን ተረክቦ በጨረታ ይሸጣል፣ ለዚያም ባለቤትነቱን ማስተላለፍ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል። ሊብሬውን፣ ሁሉንም ቁልፎችና ስም ለማዛወር የሚያስችል ሰነድ ይጠይቃል። ይህን ሊሰጥ የሚችለው ስሙ ሊብሬው ላይ ያለው ወይም በቂ ውክልና ያለው ሰው ብቻ ነው። ለስርቆትም የፖሊስ ማስረጃ ተጨምሮበት ያው ነው። ከከፈለ በኋላ ኩባንያው ጥፋተኛውን በእናንተ ምትክ የሚከስበት መብት (የንግድ ሕጉ አንቀጽ 683) ያለው በመሆኑ ከገጫችሁ ሰው ጋር ለብቻችሁ ታርቃችሁ አትፈርሙ።

ባለቤቱ ከሞተ ካሳው ለሚስት ወይም ለልጅ እንዲሁ አይሰጥም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ መኪናው የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛ ድርሻ መጀመሪያ ይለያል። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ ሞግዚትነትም ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ቀኑ ይሄዳል፤ የንግድ ሕጉ ደግሞ ሁለት ገደቦች አሉት። አደጋው በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው መነገር አለበት (አንቀጽ 670)፣ ከመድን ውሉ የሚነሳ ክስም በሁለት ዓመት ይታገዳል (አንቀጽ 674)። ውክልና እስኪታደስ ወይም ወራሽነት እስኪታወጅ ብላችሁ ማመልከቻውን አታዘግዩ። በእጃችሁ ባለው ሰነድ፣ የጎደለው ምን እንደሆነና መቼ እንደሚቀርብ ጠቅሳችሁ፣ በአምስቱ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስገቡ። ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሱ፤ የጎደለውን ሰነድ በኋላ በየተራ እያያዛችሁ በዚያው ፋይል ቁጥር ታስገባላችሁ።